ዘንዶው ጠበቀኝ፣ እናቴ ግን አልጠበቀችኝም

(ደሴ ላይ ጌም የሚወዱና ጌም መሥራት የሚፈልጉ ልጆች በተሰበሰቡበት ያደረግሁት ንግግር ነው። በስልክ ከተቀዳው ላይ ነው የጻፍኩት። ሳል ያስቸገረኝን ቦታና ማይኩ የጠፋበትን ብቻ ቆርጫለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ! አሰላሙ አለይኩም! እንዴት ዋላችሁ?

ድምፄ ከኋላ ይሰማል? ይሰማል? እሺ። እናንተ በሩ ላይ የቆማችሁት ግቡ እንጂ፤ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። የደሴ ልጅ የፊት ወንበር ለምን እንደሚፈራ ዛሬም አልገባኝም።

ከኮምቦልቻ ነው የመጣሁት። ሐረጎ ላይ ጉም ነበር። ሹፌሩ መብራት አብርቶ፣ በየኩርባው ክላክስ እያደረገ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። እኔ መስኮቱን በእጅጌዬ እየጠረግሁ የዛሬውን ንግግር አስብ ነበር። ሐረጎ እንግዲህ ታውቁታላችሁ። መንገዱ አንድ ነው። በፈለግህበት ልታጠፍ ብትል ገደል ነው። ግን ስንት ዓመት ተመላልሼበት አንድ ቀን ሰልችቶኝ አያውቅም። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ጥያቄያችን ምንድን ነው? ታሪክ ያለው የፋንታሲ ጌም፣ ዘንዶና ጠንቋይ ያለበት፣ አርፒጂ የምንለው፣ ኦፕን ወርልድ ይሆንለታል ወይ? ሰፊ ማፕ ሰጥተህ፣ በር ከፍተህ፣ «ወደፈለግህበት ሂድ» ብለኸው ተጫዋቹ ታሪኩን ይከተላል? ወይስ ታሪኩን ሜዳ ላይ ጥሎት ይሄዳል?

ለቸኮለ ሰው መልሴን አሁኑኑ ልስጥ። ይሆንለታል። ግን ታሪኩ ራሱ የማይቸኩል ከሆነ ነው። እየጮኸ «ሩጥ! ሩጥ!» የሚል ታሪክ ሰፊ ሜዳ ላይ አይሆንም። ይኼው ነው። ይኼን ሰምቶ ቡና ሊጠጣ የሚወጣ ካለ አልቀየምም።

የቀረነው እንቀጥል። ሦስት ነገር አነሳለሁ፤ ጊዜ፣ ቀስት፣ ስፋት። የመጀመሪያው ብዙ ይወስድብኛል። ሦስተኛው ላይ ሰዓት የሚያልቅብኝ ይመስለኛል።

አንደኛው፣ ጊዜ።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ታናሽ እህቴ አስም አለባት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትንፋሽ አጠራት። እናቴ ብር ሰጠችኝና በአፍ የሚነፋውን መድኃኒት ገዝቼ እንድመጣ ላከችኝ። «እየሮጥክ!» አለችኝ። ሮጥኩ። እውነቴን ነው፣ እስከ ፒያሳ ሮጥኩ። ፋርማሲ ገባሁ፣ ገዛሁ፣ ኪሴ ከተትኩ። መልስ ተረፈኝ።

ከፋርማሲው ጎን ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረ። መጋረጃው ገለጥ ብሏል። ቴሌቪዥኖቹ ሁሉ ላይ ኳስ ነው። አንዱ ላይ ግን በረዶ አየሁ። በረዶ ስላችሁ የኛን የክረምቱን፣ ቆርቆሮ የሚደበድበውን አይደለም። መሬቱን ሁሉ አልብሶ የተኛ፣ ነጭ፣ ዝም ያለ በረዶ። ተራራ ነበረ። አንድ ሰው ብቻውን ሰይፍ አንግቶ ቆሟል። «አስር ደቂቃ» አልኩ ለራሴ። መልሷን ለባለቤቱ ሰጠሁት።

ጌሙ ስካይሪም ነበር። ቤተስዳ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት በ2011 ያወጣው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ። ሲጀምር እጅህን ታስረህ ጋሪ ላይ ነህ። አንገትህን ሊቀሉህ ነው። መጥረቢያው ሊወርድ ሲል ዘንዶ ይመጣና ከተማውን ያነደዋል። አምልጠህ አንዲት ትንሽ መንደር ትደርሳለህ። የመንደሩ ሰዎች ምን ይሉሃል? «ዘንዶው ወደኛ ከመጣ አለቅን። ሂድና ለገዥው ንገርልን፣ ወታደር ይላክልን» ይሉሃል።

እንግዲህ አስቡት። ሁለት ሰው ልኮኛል። አንዷ እናቴ ናት፣ አንዷ የቴሌቪዥኗ ሴትዮ። ሁለቱም ሩጥ ብለውኛል።

እኔ ምን አደረግሁ? ቢራቢሮ አሳደድኩ። እዚያ ጌም ውስጥ ቢራቢሮ በእጅ ይያዛል እኮ! ወንዝ ወርጄ አሳ ያዝኩ። አበባ ለቀምኩ። አንድ ዋሻ አየሁና ገባሁ። አስሯ ደቂቃ ስንት እንደሆነች እናንተ ገምቱ።

ቤት ስደርስ በሩ ክፍት ነው፣ ማንም የለም። ጎረቤታችን ናት የነገረችኝ፤ እናቴ እህቴን በባጃጅ ጤና ጣቢያ ይዛት ሄዳለች። እየሮጥኩ ደረስኩ። እህቴ ደህና ነበረች፤ ዛሬም ደህና ናት፣ እዚህ መሃላችሁ ተቀምጣለች። አትዙሩ! አታሳፍሯት! እናቴ አልመታችኝም። ምንም አላለችም። እጇን ዘረጋች፣ እኔ ከኪሴ አወጣሁ። ካርቶኗ በላብ ረጥባ፣ ተጨማዳ፣ ጠርዟ ተቀድዷል። ያቺን ካርቶን ተቀብላ አገላብጣ አየቻትና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። በመታችኝ ይሻል ነበር።

በሳምንቱ እዚያው ቤት ተመልሼ ገባሁ። አዎ ገባሁ፣ አትሳቁ። ባለቤቱ ሴቭ አድርጎልኝ ነበር። መንደሯ እንዳለች ናት። ሴትዮዋ ቆማለች። ዘንዶውም አልመጣም። አንድ ጎጆ አልተቃጠለም፣ አንድ ዶሮ አልሞተም። ወር ብቆይም፣ ዓመት ብቆይም ይኼው ነው።

ያን ቀን ጌሙን ታዘብኩት። «ሩጥ» ያለኝ የውሸቱን ነው። እናቴ ሩጥ ስትል ሩጥ ማለቷ ነው።

ስካይሪምን እወደዋለሁ፣ በክፉ እንዳታነሱብኝ። በረዶውን፣ ሙዚቃውን፣ ሌሊት ሰማዩ ላይ የሚወዛወዘውን አረንጓዴ ብርሃን እወዳለሁ። ግን ከመቶ ተጫዋች «ዋናው ታሪክ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ዋሻውን፣ ቤት የሠራበትን፣ ያገባትን ሴት ይነግራችኋል። ዘንዶው? «እሱ... አዎ፣ ዘንዶ ነበረ» ይላችኋል። ይኼ የተጫዋቹ ጥፋት ነው? አይደለም። ታሪኩ ቸኩል አለው፣ ሜዳው ደግሞ ተዝናና አለው። ሁለት አለቃ ያለው ሠራተኛ የሚያስደስተውን ይሰማል።

መፍትሔው ምንድን ነው? ማፑን ማጥበብ? እኔ እንጃ። አያቴ መፍትሔውን ታውቀው ነበር።

አያቴ ተሁለደሬ ነው ያደገችው። ተረት የምትነግረን ቡና ሲፈላ ነው። አቦል ላይ ልጁን ጉድጓድ ትከተዋለች። ቶና ላይ ስለ አባቷ በቅሎ ታወራለች። በቅሎዋ እንዴት ወንዝ እንደምትሻገር፣ ማንን እንደረገጠች፣ ስንት እንደተሸጠች። እኛ እንቁነጠነጣለን። «አያቴ ልጁስ?» እንላለን። «ልጁማ ጉድጓድ ነው» ትላለች። ወደ በቅሎዋ ትመለሳለች። በረካ ላይ ታወጣዋለች። ሲወጣ ግን ከስቶ፣ ጢም አብቅሎ! እኛ ስለ በቅሎ ስንሰማ እሱ እዚያ ታች ጊዜ አልፎበታል። አያችሁ? ዞራለች። እንደፈለገች ዞራለች። ግን ልጁን አልረሳችውም፣ እኛም አልረሳነውም።

ይኼን ከሠሩት ጌሞች አንዱ ዊቸር 3 ነው። ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ የሚባሉ ፖላንዶች በ2015 ያወጡት። ጌራልት የሚባል ጭራቅ አዳኝ እንደ ልጁ ያሳደጋትን ሲሪን ይፈልጋል። አሳዳጅ አለባት። እዚህም ሩጥ ነው እንግዲህ። እዚህም ሰው ልጅቷን ትቶ መጠጥ ቤት ካርታ ሲጫወት ይውላል። እኔ ራሴ ስንት ሌሊት! ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አመለጡ አልልም።

ግን ባሮኑን አስታውሱ። የተጫወታችሁት ታውቁታላችሁ፤ ያ ወፍራሙ፣ ሰካራሙ። ባሮኑ ሲሪን አይቷታል። ወዴት እንደሄደች ያውቃል። ዝም ብሎ ግን አይነግርህም። ሚስቱና ልጁ ጠፍተውበታል። «እነሱን ፈልግልኝ፣ እኔም እነግርሃለሁ» ይላል። ስትፈልግ ቀስ በቀስ ይገባሃል። ሴቶቹ ከሱ ሸሽተው ነው የወጡት። ሲሰክር ሚስቱን ይመታ ነበር። እያዘንክለትም እየጠላኸውም ትሄዳለህ። ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት ሲሪን ረሳኋት? አልረሳኋትም! ባሮኑ ጋ የማጠፋው ጊዜ እሷን የማገኝበት ዋጋ ነው። ደግሞ ሁለት ልጃቸውን የሚፈልጉ አባቶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የአያቴ በቅሎ ማለት ይቺ ናት።

ሌላ መንገድ አለ። ታሪኩን ከመጀመሪያው አለማስቸኮል። ኔንቲዶ በ2017 ያወጣውን ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድን እዩት። ጀግናው ከ100 ዓመት እንቅልፍ ነው የሚነቃው። መንግሥቱ ድሮ ፈርሷል። ልዕልቷ 100 ዓመት ሙሉ ክፉውን ይዛ ቆማለች። እንግዲህ 100 ዓመት የጠበቀች ሌላ ሦስት ቀን አትጠብቀኝም? አሳዬን ልጥበስ እንጂ! ገና መነሻውን አምባ እንደጨረስክ በቀጥታ ቤተ መንግሥቱ ገብተህ ልትዋጋ ትችላለህ። ትሞታለህ፣ ግን ትችላለህ። ኤልደን ሪንግም በ2022 ያንኑ ነው ያደረገው። ታላቁ ቀለበት ቀድሞ ተሰባብሯል፣ ጦርነቱ አልፏል። አንተ የምትደርሰው ከለቅሶው በኋላ ነው። «ምን ሆኖ ነው እዚህ?» እያልክ ፍርስራሽ ለፍርስራሽ ትሄዳለህ። እዚህ መዞሩ ራሱ ታሪኩ ነው። የጥንቱን ታሪክ የጻፈላቸው ጆርጅ ማርቲን ነው፣ የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ደራሲ፤ እሱ ደግሞ ስለ ወደቁ መንግሥታት መጻፍ ያውቃል።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ባልደርስ ጌት 3 ነው፤ የቤልጅየሞቹ የላሪያን ሥራ፣ 2023። አንድ ሙሉ አገር የለውም። በሦስት ክፍል ነው የተከፈለው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሉት! በየክፍሉ ውስጥ እንደልብህ ትዞራለህ፤ ክፍሉ ሲዘጋ ግን ተዘጋ። አንድ ቦታ የሚቃጠል የእንግዳ ማረፊያ አለ። ሰዎች ውስጥ ይጮኻሉ። እኔ የስካይሪም ልጅ ነኝና «ነገ እመጣለሁ» ብዬ ካምፕ ገብቼ ተኛሁ። ስመለስ አመድ ነው። ሰዎቹ የሉም።

ጆይስቲኩን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። ያቺ ካርቶን ነው ትዝ ያለችኝ።

ሁሉም ሚሽን ሰዓት ይቆጠርበት እያልኩ ግን አይደለም። እንደዚያ ከሆነ ጌም መሆኑ ይቀርና የማትሪክ ፈተና ነው። አንድ ቦታ ብቻ እውነት ይሁን። አንድ ጊዜ ከተቃጠለብህ ቀጥሎ ሩጥ ሲልህ ትሮጣለህ።

እሺ። ውኃ ልጠጣ... ሁለተኛው፣ ቀስት። ጌሙ ላይ ወዴት እንደምትሄድ የሚጠቁምህን ምልክት ማለቴ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ መጣ። ያኔ ደሴ ነበር ቤቴ። ስልኩ ላይ ማፕ ከፍቶ ነጥቧን እየተከተለ መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ «ምን አየህ?» አልኩት። ምንም አላየም! ጦሳን አላየም! ጦሳ የሚያክል ተራራ ከአናቱ ላይ ቆሞ!

እኛ መንገድ የምናሳየው እንዴት ነው? «ከቧንቧ ውሃ ዝቅ በል፣ መስጊዱ ጋ ስትደርስ ታጠፍ፣ እንጀራ የምትሸጥ ሴትዮ አለች፣ እሷን ጠይቅ።» ሴትዮዋን ትጠይቃለህ። እሷ «የማን ዘመድ ነህ?» ትልሃለች። ቤቱ ስትደርስ ሦስት ሰው አውቀሃል።

ስካይሪም ታላቅ ወንድም አለው፣ ሞሮዊንድ የሚባል፣ 2002። እዚያ ጌም ላይ ቀስት የለም። ሰው ነው የሚነግርህ። ከተማውን በደቡብ ውጣ፣ ወንዙን ያዝ፣ ድልድዩ ጋ ወደ ግራ። ማስታወሻህ ላይ ይጻፋል፣ እያነበብክ ትሄዳለህ። አንዳንዴ የሚነግሩህ ራሱ ስህተት ነው። ልክ እንደኛ! በ2006 የዚያው ቤተሰብ ልጅ ኦብሊቪዮን መጣ። ከታች ኮምፓስ፣ ኮምፓሱ ላይ ምልክት። ምልክቱን ተከተል፣ ደርሰሃል።

ምቹ ነው፣ አልክድም። ግን ምን ሆነ? ሰዎቹ ሲያወሩ መስማት አቆምን። እውነት ተናገሩ፣ ስንቶቻችሁ ናችሁ ንግግሩን ሳታነቡ የምትዘሉት? እጅ አውጡ... ያው! ሁላችሁም! ለምን አታነቡም? ቀስቱ ስላለ ነው። ያ ሰው አባቱ እንዴት እንደሞተ እየነገረህ ነው፤ አንተ ጣትህ ንግግሩን የምትዘልበት ቁልፍ ላይ ነው። ታሪክ እኮ ቃል ነው። ቃሉን የማትፈልገው ከሆነ ታሪኩ በምን በኩል ይገባሃል? ለእኔ ከማፑ ስፋት ይልቅ ታሪክን የጎዳች ይቺ ትንሽ ቀስት ናት።

ሦስተኛው፣ ስፋት። ሰዓቴን እያየሁ ነው።

ከስካይሪም ቤተሰብ ዳገርፎል የሚባል አለ፣ 1996። ማፑ የታላቋ ብሪታንያን ያህል ነው ብለዋል ሠሪዎቹ። ከተማው፣ መንደሩ፣ ዋሻው ከ15,000 በላይ ነው። አብዛኛውን ሰው ተቀምጦ አልሠራውም፣ ኮምፒውተር ነው በቀመር የዘረገፈው። ታዲያ አንዱን መንደር ካየህ ሁሉንም አየህ። ድራጎን ኤጅ ኢንኩዊዚሽን ደግሞ በ2014 ወጣ። የመጀመሪያው ሰፊ ቦታ ላይ ሰው ቅጠል ሲለቅም፣ የዱር በግ ሲያድን ከረመ። መጨረሻ ላይ ሠሪዎቹ ራሳቸው «እባካችሁ ከዚያ ውጡና ታሪኩን ቀጥሉ» ብለው መከሩ። በግ ገዝተህ እንግዳ ጠርተህ «ኧረ ሽሮውን ተውትና ሥጋውን ብሉ» ብለህ እንደመለመን ነው።

ለኔ ልኩ ጎቲክ ነው። ጀርመኖች ናቸው የሠሩት፣ 2001። አንድ ሸለቆ ነው ዓለሙ በሙሉ። እስረኞች ማዕድን የሚቆፍሩበት፣ በአስማት የታጠረ፣ ገብተህ የማትወጣው። ሦስት ሰፈር አለው። ሰዎቹ ጠዋት ይነሳሉ፣ ይሠራሉ፣ ማታ እሳት ዳር ያወራሉ፣ ይተኛሉ። ቤት ዘው ብለህ ከገባህ «ውጣ!» ይሉሃል። በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ላደገ ልጅ ይኼ ጌም እንግዳ አይደለም። ትንሽ ነው፣ ግን ታውቀዋለህ። እግርህ ያውቀዋል።

አሁን ለእናንተ፣ መሥራት ለምትፈልጉት። ቅድም በር ላይ አንድ ልጅ ላፕቶፑን ከፍቶ የጀመረውን አሳየኝ። ጎበዝ ነው። ወሎን በሙሉ ሊሠራ ነው ያሰበው። ሐይቅ፣ አምባሰል፣ ባቲ፣ ሁሉንም። ወንድሜ፣ አደራህን፣ ሰኞ ገበያን ብቻ ሥራልኝ። አንድ ሰኞ።

እንዲህ አስቡት። ጠዋት ገበያ ትገባለህ። ከሻጮቹ አንዷ ጅኒ ናት። የትኛዋ እንደሆነች አታውቅም። የአጎትህን ስም ሰርቃዋለች፤ ስሙን ማንም አያስታውሰውም፣ አንተም ጭምር። እንደፈለግህ ዙር። ማር ቅመስ፣ ጨው ተደራደር፣ ከአህያ ነጂ ጋር ተጣላ፣ መንዙማ የሚያንጎራጉረውን ሽማግሌ ተቀምጠህ ስማ። ማንም ቀስት አይሰጥህም፣ ጠይቀህ ነው። አመሻሽ ላይ ግን ገበያው ይበተናል። ሻጮቹ ጠቅልለው ይሄዳሉ፣ ጅኒዋም አብራ። ጥላው እየረዘመ ሲመጣ ታየዋለህ። ሩጥ የሚልህ የለም። ትሮጣለህ።

እዚያ ላይ ኦፕን ወርልድና ታሪክ ተጣሉ? አልተጣሉም። ለምን ይጣላሉ?

ሐረጎን ያዙልኝ ብዬ ነበር አይደል? ሐረጎ አንድ መንገድ ነው፣ ግን በየኩርባው ታች ኮምቦልቻን አንዴ በቀኝህ፣ አንዴ በግራህ ታየዋለህ። የምትሄድበትን እያሳየህ ያዘገይሃል። ሰፊ ማፕ የሚሠራ ሰው ይቺን ቢሰርቅ አይቆጨውም። ዛሬማ ጉሙ ሸፍኖት ምንም አላየሁም፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

በሉ፣ ጥያቄ። እዚያ ጥግ ያለኸው ቀድመህ እጅ አውጥተሃል። ቀጥሎ አንቺ፣ ባለ ቢጫ ሻርፗ። አጠር አጠር አድርጉት፤ የኮምቦልቻ ታክሲ እንደ ዘንዶው አይጠብቀኝም።